የሁለት ሰው ሂሳብ

ፋሲካን እናንተ ቤት፣ ገናን እኛ ቤት፣
መስቀልን ከታላቅ እህትሽ ዘንድ፣ ዳንግላ፤
አራት ዓመት ሙሉ፣ በዓል በመጣ ቁጥር
አንቺ ከወጥ ቤት፣ እኔ ከበጉ ኋላ።
በአንድ ክፍል ፍራሽ ከስድስት ዘመድ ጋር ስንጋፋ
"ሁለታችን ብቻ" ያልነው ነገር
እንደ ወር ደሞዝ፣ በሃያው ቀን እየጠፋ።

ስለዚህ ዘንድሮ፣ ስምንተኛው ወርሽ ሳይሞላ፣
ከእንጅባራ ሚኒባስ ያዝን፣ አዝመራ፣
ቅዳሜ በማለዳ፣ ማንም ሳይጠራን፣ እኛም ማንንም ሳንጠራ።
እናቴ ግን ሰማች። መራዊ ሳንደርስ ደወለች።
"በዚህ ሆድ መንገድ? እኔ ለገንፎሽ
ገብሱን ሳስፈትግ፣ ማሩን ሳጠራ፣
እናንተ ሽርሽር?" አለች።
ስልኩን ላንቺ ሰጠሁሽ። ፈሪ ነኝ፤ ታውቂያለሽ።
"እማ፣ ዓሣ አምሮኝ ነው" ብለሽ
በአንድ ቃል አፏን አስያዝሻት፤
ያማራትን ያጣች ልጇ ምልክት ይዞ ይወጣል ብላ
አሳድጋን የለ? መልስ አጠረባት።

ፔንሲዮኑ ከሐይቁ ሁለት ቅያስ ገባ ይላል።
አጎበሩ ተቀዶ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል።
ትራስ ሁለት፤
አንዱ ከራስሽ፣ አንዱ ከሆድሽ ሥር፤
እኔ ሹራቤን ተንተርሼ
አደርሁ ትንኝ ስቆጥር።
"ተኛህ?"
"አልተኛሁም።"
"እሱም አልተኛ" አልሽና እጄን ስበሽ
ከእምብርትሽ በላይ አኖርሽው፤
አንድ ተረከዝ፣ ከውስጥ፣ ቀስ ብሎ አንኳኳ፤
በሩ በየት እንደሚከፈት ያልገባው እንግዳ።

እሑድ ጠዋት ጫማሽን አሰርሁልሽ።
ጎንበስ ማለት ከተውሽ ወር አልፎሻል።
በዘንባባዎቹ ጥላ ስናዘግም አንዲት ሴት
የቆሮሶ ዘንቢል ተሸክማ፣
ሳታውቀን ቆም ብላ "ማርያም በሽልም ታውጣሽ" አለች።
"አሜን" አልሽ።
የኔ አሜን ጉሮሮዬ ላይ እንደ አጥንት ቆመ፤
ገና ዓሣ አልበላሁ፣ በምን ላሳብብ?

"ስንት ናችሁ?" አለ ጀልባ ነጂው።
"ሁለት" አልሁት።
የሕይወት ጃኬቱ ግን ሆድሽ ላይ እምቢ አለ፤
ሁለቱ ዘለበቶች እንደ ተኳረፈ ጎረቤት
ፊትና ጀርባ ሆኑ። በነጠላሽ አስታረቅኋቸው።
"ሂሳቡ የሁለት ሰው፣ ጭነቱ የሦስት!"
ሰውየው በቀልዱ ራሱ ሳቀ።

እንቦጩን እየሸሸን፣ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት
ሞተሩን አጠፋ። ዝም አልን።
ከደንገሉ ሥር ጆሮና አፍንጫ፤
ቀጥሎ ትንሽ ጆሮ፣ ትንሽ አፍንጫ።
"ጉማሬ ስትወልድ ፀባይ የላትም፤
ጀልባ ትገለብጣለች" አለ።
"ደግ አደረገች" አልሽ፣ በሹክሹክታ።
ቀጠለ ደግሞ፦ "አባይ ሐይቁን ሲያቋርጥ
ውሃው ከውሃው አይቀላቀልም ይላሉ አባቶች።"
እጅሽን ነከርሽ፤
"ማን ለይቶ ቀመሰው?"

ምሳ ላይ አንድ ሙሉ ዓሣ ጨረስሽ፣ የኔንም ግማሽ፤
ዳጣ በነካው ጣትሽ ጉንጬን ብትዳስሺኝ
ዓይኔ አለቀሰ።
በዳጣው ላሳብብ ስል አፌ ቀደመኝ፤
ስለ እህቴ፣ ስለ አንጓች ነገርሁሽ፤
በዚያ ክረምት፣ ወንዙ ሞልቶ፣
በቃሬዛ ወጥታ በቃሬዛ ስለ ተመለሰችው።
አላጽናናሽኝም። "ሎሚ ጨምቅልኝ" አልሽ።
ቆየሽና፦
"ሆስፒታሉ ከቤታችን ስንት ደቂቃ ነው?"
"በባጃጅ አሥራ ሁለት። ዝናብ ካለ አሥራ ሰባት።"
"ቆጥረሃላ" አልሽ፤
እግርሽን አንስተሽ ጭኔ ላይ ጣልሽ፣ ያበጠ እግርሽን፣
ሰው እያየን።

ሲመሽ መናኸሪያ ደረስን።
ሚኒባሱ ሞተሩን አስነስቷል፤
ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል፦
"እንጅባራ! ሁለት ሰው!
የመጨረሻ ሁለት ሰው!"

ተያየን።
"እኛን ነው" አልሽ።
ገባን።