የባሕሩ ሠልስት

ሳልሚያ፣ ከባሕሩ ዳር፣ የምርምሩ ቤት ምድር ቤት፣
ጠርሙስ አጣቢ ነኝ እኔ፤ ይኸው ስድስተኛ ዓመት።
ጀልባዋ ማለዳ ስትገባ ባልዲው ከነጨው ይወርዳል፣
ውሃው በነጭ ወንፊት ያልፋል፤ ላላለፈው ስም ይወጣል።
ስም አውጪዋ ሙዲ ናት፤ ዶክተር፣ የዓሣ አስጋሪ ልጅ፣
አባቷ የመረብ ወዳጅ፣ እሷ የአጉሊ መነጽር ወዳጅ።

የካቲት ነበር። ነፋሱ የበረሃ አቧራ አውርዶ፣
ከሻት አል-ዐረብ የመጣ ደለል ከጨው ጋራ ተዋህዶ፣
ባሕሩ አረንጓዴ ሆኖ አደረ፣ እንደ ጎመን ውሃ ከብዶ።
ሥር የሌላቸው ሣሮች፣ ካባቸው ከመስታወት፣
ትናንት እፍኝ ያልሞሉ፣ ዛሬ ባሕሩን ሞሉት።
ሺጂ፣ የኬረላዋ፣ አፍንጫዋን ይዛ ሳቀች፤
«የሀብታም አገር ባሕር እንኳ ይወፍራል» አለች።

በሳምንቱ ሣሩ መሞት ሲጀምር፣ ሲቀደድ ያ ካባ፣
ከውስጡ ስኳር ፈሰሰ፤ ባሕሩ ሐዘን ገባ።
«ነይ እይ» አለችኝ ሙዲ። ጓንቴን ሳላወልቅ አጎነበስኩ።
ጥቁር ሰማይ፣ ሰማያዊ ነጥብ፤ መቁጠር ጀምሬ ተውኩ።
«ባክቴሪያ ናቸው» አለች፤ ግማሹን በቃል፣ ግማሹን በጣት።
የእሷ ዐረብኛና የእኔ ዐረብኛ ሁለት ናቸውና
ያልገባኝን በአገሬ ለቅሶ ፈታሁት፦

ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚደርስ ጎረቤት ነው፣ ድንኳን ሳይቆም፤
የቀረበለትን ይቀምሳል፣ ይሄዳል፣ ብዙ አይቆይም።
እነዚያ የላመውን ስኳር የሚልሱት ናቸው።
በሠልስቱ የሩቅ ዘመድ ይደርሳል፤ እነዚህ ጥርስ አላቸው፣
ረጅሙን የስኳር ሰንሰለት ቋጠሮ በቋጠሮ ይፈቱታል።
በአርባው ማንም ያልፈለገውን፣ ሙጫውን፣ ልፋጩን
ሲቆረጥም የሚከርም አንድ ዝምተኛ ይቀራል።
የእኛ ሰፈር አቶ ድንበሩ እንዲህ ነበሩ፤
ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ የድንኳኑን ገመድ የሚጠቀልሉት።

ይህን ለሙዲ ነገርኳት። ሳቀች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች፤
«አንድ ነገር ተሳስተሻል፤ ከየትም አልመጡም» አለች።
«እዚሁ ነበሩ። ከሺህ አንድ፣ በረሃብ ተኮራምተው፣
ተራቸው እስኪደርስ፣ የሚያውቁት ምግብ እስኪሸታቸው።»

ግንቦት ላይ አበባው ተቀየረ። ባሕሩ ቀላ፣ እንደ ሻይ፣
ሌሊት እግር ሲነክሩበት ሰማያዊ እሳት የሚያሳይ።
የየካቲቶቹ በዪዎች ጠፉ ስል፣ ከታች ከሺህ አንድ ሆነዋል፤
ስማቸውን ያልሰማነው ሌሎች ወንበሩን ይዘዋል።
በልተው በልተው የውሃውን አየር ጨረሱት።
የዓሣው ነጭ ሆድ በወደቡ ተደረደረ።
አካፋ የያዙ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች፣ ሁሉም የሰው አገር ሰው፣
ሲዝቁ ዋሉ፣ አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ አስረው።
ሺጂ በዚያው ሳምንት ውሏ አልቆ ወደ ኮቺ ገባች፤
ጋውኗን በማግስቱ አንዲት የማላውቃት ልጅ ለበሰች።

እኔን ኤጀንሲ ነው ያመጣኝ። ሰፈሩ «ሄደች» ብሎ ነው የሚያወራኝ።
ግን ይህቺ፣ ወንፊቱን በመቆንጠጫ የምታነሳው፣
ሳትተነፍስ፣ እንዳይበር፣
ደሴ ሳለሁም ነበረች? ከሺህ አንድ?
ምን እስኪሸታት?

ዛሬ ጠርሙስ ላይ ቀን ስጽፍ እጄ በአገሬ አቆጣጠር ጻፈ።
ሙዲ አየችው፤ በጣቷ ቆጠረች። «ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነሽ።»
ትፍቀዋለች ብዬ ጠበቅሁ።
«ተይው» አለች፣ «እነሱም ሁሌ ከአበባው ኋላ ናቸው።»
ጠርሙሱ በረዶ ቤት ገባ፤
ክዳኑ ላይ የእኔ ጽሕፈት፣
ውስጡ ገና ያልተቆጠሩት።