ሦስተኛዋ ሳንቃ

በሰሜን ኖርዌይ ጫፍ፣ ስካርቪክ ደሴት ላይ፣
ከዓሣ ፋብሪካው፣ ከመርከቦች በላይ፣
የቦርግሂልድ አባት የሰበኩበት ቤት፣
አኮርዲዮን እንኳ ኃጢአት የነበረበት።
ካርታ አይነካበትም፣ አይጨፈርበትም፤
ከበሩ ሦስተኛዋ ሳንቃ ስትረገጥ ትጮኻለች፣
ዘግይቶ የሚገባ አያመልጥባትም።

ልጆቹን ከተማ፣ ሽማግሌዎቹን አፈር ወሰዳቸው።
ሦስት አሮጊት ቀሩ።
መዝሙር ሲያነሡ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዝ
አንድ ወንድ ታጣ።

ቦርግሂልድ ቁልፉን ለታሚሎቹ ሰጠች፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ
የዓሣ ሆድ ሲሰነጥቁ ለኖሩት ጎረቤቶቿ።
አሁን ግድግዳው ላይ ጣዎስ ክንፉን ዘርግቷል፣
ጦር የጨበጠ አምላክ ቆሟል ባባቷ ቦታ፤
ዓርብ ዓርብ ከበሮ ነው፣ እስከ እኩለ ሌሊት።

«አባትሽ ቀና ብለው ባዩ!» አሏት ሁለቱ አሮጊቶች።
መልስ የላት።
አካፋዋን አንሥታ
የደጃፉን በረዶ ዛቀች፣ እንደ ልማዷ፣
ማን እንደሚገባበት ሳትጠይቅ።

ሴልቫራኒ ብቅ አለች፣ እጇ አመድ ነክቶት፦
«ብርድ ነው፣ ግቢ እንጂ።»

ጫማዋን አወለቀች።
የግራ ካልሲዋ አውራ ጣቷ ላይ ተቀዷል።
አንድ፣ ሁለት ተራመደች፤
ሳንቃዋ ጮኸች።

ከበሮው ቆመ፤
ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት፣
ልክ እንደ ጥንቱ፣
ዘግይቶ እንደመጣ ሰው።