የዘገየ መርዶ

አራዳ ገበያ፣ ከሽንኩርት ተራ ዝቅ ብሎ፣
አንድ ልጅ መጻሕፍት ይሸጣል፣ ላስቲክ ከላይ ጥሎ።
ዝናብ እየመጣ ነበር፤ ቸኩዬ ሳልፍ፣
ጀርባው በፕላስተር የታሰረ፣ ርዕሱ የተላጠ መጽሐፍ
ዓይኔን ያዘው።
ልቤ ግን ቀድሞ አወቀው።

«መቶ ሃምሳ» አለኝ። እኔ ያሰብኩት ስሙኒ ነበረ፤
ለአንድ ሌሊት ኪራይ ጋሽ ውብነህ የሚቀበለን፣ ገጽ እየቆጠረ፣
«ቀደህ ብትመልስ ወዮልህ!» እያለ ወንድሜን፣
የዘይት ወዝ ፍለጋ ገልብጦ እያየ መዳፌን።

ባዘዘው አሥራ አራት፣ እኔ ሰባት ዓመቴ።
ሰዓት እላፊ ነው፤ ጨጨላ ጭጭ ብሏል፤ ተኝታለች እናቴ።
ከአንድ ጋቢ ሥር ሆነን፣ ባትሪውን በእጁ ጋርዶ፣
ያነብልኝ ነበር፣ ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ወርዶ፣
ስለ ደብዳቤ አመላላሹ ጎንጤ፣ ስለ ጆሮ ቆራጣ በቅሎው፣
ለሁሉም ዕዳ ስላለበት፣ ሁሉም ስለሚወደው።
ሽፍታ ሲያባርረው ትንፋሼን እይዛለሁ፤
ተከዜን ሲሻገር እግሬን ከጋቢው ውስጥ እሰበስባለሁ፣
እንዳይረጥብብኝ።

እንቅልፍ ሲያዳፋኝ «ደረሰ?» እላለሁ። «ደረሰ» ይለኛል።
«በቅሎዋስ?» «እሷም።»
ባትሪው ይጠፋል፤ ጨለማው ይሞቀኛል።

ትናንት ማታ ለብቻዬ፣ መነጽሬን ሰክቼ ጀመርኩት።
እውነቱን ልናገር? መጽሐፉ እንደማስታውሰው አይደለም።
ሴቶቹ ሁሉ አንገተ መቃ ናቸው፤ አንዷም ሰው አትመስልም።
ደራሲው መምከር ይወዳል፤ ፀሐይ በጠለቀች ቁጥር ይተክዛል፤
አንዳንዱን ገጽ እንደ ጎረቤት ወሬ «እህ፣ እህ» ብዬ አለፍኩት።
ያኔ ሦስት ሌሊት የፈጀብን ዱር ሁለት አንቀጽ ነው፤
ባዘዘው ነው ለካ ዛፉን ሁሉ የተከለው።

ከዚያ፣ ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ፣ ተከዜ ሞላ።
ጎንጤ ገባ።
አልወጣም።
በቅሎዋ ብቻ ደብዳቤውን ተሸክማ ማዶ ቆመች።
ምዕራፍ ዘጠኝ።

በቀሩት ሰማንያ ገጾች ስሙ ሦስቴ ይነሳል፤
ሦስቱም ጊዜ «ነፍሱን ይማርና» ይከተለዋል።
እኔ ግን ከዚያ በኋላ ስንት ሌሊት አብሬው አደርኩ!
ዕዳውን ሲከፍል ሰማሁ፤ ሲያገባም ነበርኩ፤
ሠርጉ ላይ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

መርዶ በንጋት ይነገራል። ዘመድ ተጠራርቶ ይመጣል፤
ደጅ ይቆማል፤ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤
ደካማ ሰው ካለ ከኋላ የሚደግፈው ይዘጋጃል።
የእኔ መርዶ አርባ ስድስት ዓመት ዘግይቶ፣ ሰው ሳያጅበው፣
በመብራት፣ ሻዬ እንኳ ሳይበርድ ደረሰ፤
ያረዳሁትም የተረዳሁትም እኔው።

ደወልኩለት። ባዘዘው መተማ ነው፣ ሰሊጥ ያስጭናል፤
ከጀርባው ሞተር ይጮኻል፣ ሰው ይነታረካል።
«ጎንጤ ሞቷል» አልኩት።
ዝም አለ። ቆይቶ፣ «ማን ነገረሽ?» አለኝ፣
ልክ መርዶ ሰውሮ የኖረ ሰው እንደሚለው።

«ታለቅሺ ነበር፣ እማዋይሽ። እማማን ትቀሰቅሻት ነበር።
ደግሞ አባባ ‹ይመጣል› የምንባባልበት ሰሞን ነው፤
ተከዜ ሰው እንደሚያስቀር እንዴት ላንብብልሽ?»

የምመልሰው አጣሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
«ከሠርጉ በኋላስ? ተኝቼ ነበር።»
«እኔ እንጃ . . . ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው።»
አንዱን ሠራተኛ «ቀስ በል፣ ጆንያው ይቀደዳል!» ብሎ ጮኸበት።
«ቆይ፣ ቆይ። በቅሎዋ ወለደች ያልኩሽ መሰለኝ።»

«በቅሎ አትወልድም» አልኩት።

«ያኔ ትወልድ ነበር።»