ጊዜ የሰጠው

ከኡም አል ቁወይን ወጣ ብሎ፣ ጨው በበላው ሜዳ፣
አንድ ረጅም ብረት ቆሟል፣ የማንም ያልሆነ ዕዳ፤
ሽቦ ወጥሮ በአራት ማዕዘን፣ እግሩ በሸክላ ላይ፣
ጫፉ ላይ ቀይ መብራት ይዞ፣ ባሕር ባሕሩን ሲያይ።

እኔ ዘበኛው ነኝ። ስድስት ዓመት ጠበቅሁት፤
ምን እንደሚሠራ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሳላውቅ ኖርሁት።

አንድ ቀን ቫርጌስን፣ መሐንዲሱን፣ ስጠይቀው፣
(የኬረላ ሰው ነው፤ ሻይ በቆርቆሮ ወተት የሚወደው)
"ይቆጥራል" አለኝ፤ "ሌላ ሥራ የለው።"
"ምን ይቆጥራል?"
"ጊዜን። ከሰከንድ በታች ያለውን ፍርፋሪ፤
ለመርከብ፣ ለባንክ፣ ለስልክ፣ እንደ እህል ሰፋሪ።
አሁን ግን ሳተላይት አለ። ጊዜ ከሰማይ ይወርዳል፤
ይኼ ሽማግሌ በመጪው ወር በመጋዝ ይወርዳል።"

ደብዳቤውም መጥቷል፣ ማኅተም ያለበት፣
የኔም ኮንትራት አብሮ የሚያልቅበት።

የኔ ሰዓት እንደሆነች በሀገሬ አቆጣጠር፣
ጠዋት አንድ ስትል፣ እዚህ ስምንት ሲቆጠር።
ሰባት እደምራለሁ፣ ለፈረቃ፣ ለደሞዝ፣ ለሶላት፤
ቫርጌስ ይስቅብኛል፦ "ይቺ የማን ሰዓት ናት?"

በረጀብ ወር፣ ማክሰኞ ሌሊት፣ ነፋስ ሳይኖር፣
ሰማዩ ታመመ።
ማንም አላየውም። ኮከቡ እንደነበር ነበር።
የሳተላይት ድምፅ ቀጭን ናት፣ እንደ ጾመኛ ሹክሹክታ፤
ሃያ ሺህ ኪሎ ሜትር ወርዳ፣ ጆሮ ስትደርስ ታክታ፤
የጫማ ሣጥን የሚያህል ዕቃ፣ ከአንድ ጣሪያ ቢጮህባት፣
ጠፋች። በቃ። ማን ይስማት?

የመርከቦቹ ካርታ አበደ፤
መልሕቅ የጣለው ነዳጅ ጫኝ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደ፤
የባንኩ ማሽን ቆመ፣ የስልኩ ማማ ተንገዳገደ።
አንዱ መርከብ አሸዋ ላይ ወጣ፣ አንዱ በክብ ይዞር ጀመር፤
ካፒቴኖች በየቋንቋው "የት ነኝ? የት ነኝ?" ይሉ ነበር።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት (በኔ ነው፤ እናንተ ደምሩ)
ቫርጌስ በፒጃማ መጣ፣ የቀኝ ጫማው በግራ እግሩ።
"ክፈት!" አለኝ።
ከጓዳው አቶሚክ ሰዓቱ፣ አቧራ ለብሶ፣ አልተኛም፤
ለካ ማንም ሳይጠይቀው ሲቆጥር ነበር፣ አላቆመም።

ማብሪያውን ሲጫነው ሸክላው አጉረመረመ፤
ጨው ሜዳው ከእግሬ በታች፣ እንደ ተኛ ግመል ተነፍሶ ቆመ።
ለጆሮ አይሰማም ድምፁ። ዝቅ ያለ ነው፣ ወፍራም፤
መሬት ለመሬት ነው የሚሄድ፤ ሰማይን ደጅ አይጠናም።
ያ ሣጥን ቢጮህ ቢጮህ ይህን አያፍንም፤
ዝሆን በፉጨት አይመለስም።
ስምንት ምት። ዕረፍት። ስምንት ምት።

"አሁን መርከቦቹ የት እንዳሉ ያውቃሉ?" አልሁት።
ዝም አለ። "ቦታ ለማወቅ ሦስት ምሰሶ ይሻል፣ እንደ ጉልቻ፤
ሁለቱ ተሸጠዋል። የቀረው ይኼ ነው፣ አንድ ብቻ።"
ቦታ አልሰጠንም። ጊዜ ሰጠን።
ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ? የጠረጠረው፣
አሮጌ መቀበያውን ሳይጥል የቆየው፣
ሰዓቱን አገኘ፤ ስልኩም ባንኩም ነፍስ ዘራ፤
የቀረውን ካፒቴኖቹ በዐይናቸው፣ በገመድ፣ በጭንቅ፣ በዱዓ።

ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ሲሉ ሰምቻለሁ፤
ጊዜን የሚሰጠውን ግን፣ ዝጎ ቆሞ፣ ያን ሌሊት አይቻለሁ።

ኸልፋን ዓሣ አጥማጁ ጎህ ሲቀድ ጀልባውን አስጠጋ፤
"ስልኬ በረሃ መሀል ነህ ቢለኝ ሳቅሁ" አለኝ፣ መረቡን ሲዘረጋ፤
"የናንተን ቀይ መብራት ይዤ መጣሁ፣ እንደ አባቴ ዘመን።"
ስለ ስምንቱ ምት ልነግረው አሰብሁ፤ ግን በየት በኩል? በምን?

ዓርብ ዕለት ብረት ገዢዎች መጡ። ደብዳቤው አልተሻረም።
እግሩን በሜትር ለኩ፤ አንዱ በእርግጫ ነካው፤ ምንም አልተናገረም።
ቫርጌስ ለአለቃ፣ ለአለቃው አለቃ፣
ይደውላል፤ ድምፁ እንደዚያች ሳተላይት ቀጥኖ፣ በሰው ጩኸት ታፍኖ ሊያበቃ።

እኔ ሰዓቴን በምሰሶው ምት አስተካከልኋት።
አሁንም ሰባት ሰዓት ትቀራለች። ሰከንዷን ግን፣
ኑና እዩአት።