ቋጠሮ

መጀመሪያ ከንፈሩ ደነዘዘ፣
ቀጥሎ ምላሱ፤
ከዚያ ጉልበቱ ላላ፣ እንደ ራሰ ገመድ ውል።

ሦስተኛውን ቅርፊት ካቫ የጨለጠው ናኮው
ከናካማሉ ዋርካ ሥር ተዘርፍጧል።
ራሱ አልሰከረም፤ ጥርት ብሎ ያስባል፦
ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት ያውቃል፣
የጨረቃዋን ዕድሜ ያውቃል፣
ታንኳዋን አጥብቆ አለማሰሩንም፣ አሁን ገና፣ ያውቃል።

ያቻት፣ ከአሸዋው ተላቀቀች፤
ሳትቸኩል፣ እንደ ጠገበች እንግዳ፣ ወጣች።
“ተነሥ!” አለው እግሩን።
እግሩ የሰው እግር ሆነበት፤
ጭኑን ቢቆነጥጠው
ሌላ ሰው “እህ” የሚል መሰለው።

ሊቆጣ አሰበ። ቁጣም ለካ ጅማት ይፈልጋል።
“ሂጂ” አላት፣ በሰነፈ አፉ።

ንጋት ላይ ካፓሉ፣ ልጁ፣ እስከ ደረቱ ርሶ
ታንኳዋን እየጎተተ መጣ።
“ማን ፈታት?”
ናኮው ጉልበቱን አሸት አሸት አድርጎ፣
“እኔን የፈታኝ” አለ።