ጥቁር ቤት

ከኩታይሲ ጫፍ ላይ፣ ከሪዮኒ ማዶ፣
ፎቅ ቆሟል በአጥንቱ፣ መስኮቱ ሁሉ ባዶ፤
እስከ ደረጃው ድረስ ይገባል በረዶ።
«ጥቁር ቤት» ይሉታል እዚህ አገር ሲሸጥ፦
ወለል የለ፣ በር የለ፣ ቀለም የለ ከውስጥ፤
ብሎኬትና ሽቦ፣ ከዚያ ሌላ የለውም፣
ገዢ ነው የሚያለብሰው፣ ሻጭ አይጨነቅም።

እናቴ ናዚብሮላ፣ በሰባ አንድ ዓመቷ፣
ስምንት ፎቅ በእግሯ ወጣች፣ ሳያልባት ፊቷ፤
የደከምኩት እኔ ነኝ፣ ካልኩሌተር ይዤ፣
የባንክ ወለድ ስደምር በየደረጃው ፈዝዤ።

ተቋራጩ ጎቻ ከላይ ጠበቀን፣
ትልቅ ሥዕል ዘርግቶ አንድ ባንድ አሳየን፦
የሰማይ ላም ታልባ፣ ወተቷ ተቀድቶ፣
ቀረበልን እንግዲህ በሥዕል ተሠርቶ፤
ፏፏቴ፣ የአበባ አጥር፣ ብስክሌት የሚነዱ ልጆች፣
ፀሐይ የማትጠልቅባቸው ሰፋፊ በረንዳዎች።

«እሳት ሆኗል ብረት፣ እሳት ሆኗል ሲሚንቶ፤
ለእርስዎ ስል ነው እንጂ፣ ካሬው ስድስት መቶ።»
«አምስት ሰማንያ» አልኩት፣ ፈራ ተባ እያልኩኝ፣
ጎቻ ትከሻዬን ቸብ አርጎ ሳቀብኝ፦
«እኔም ልጆች አሉኝ፣ በኪሳራ አልሸጥም፣
ይኸው ነው ቁርጡ ዋጋ፣ ከዚህ ንቅንቅ የለም።»

እሷ ግን አልሰማችም። ጓንቷን አወለቀች፣
ከቦርሳዋ ውስጥ ያረጀ ሳንቲም አወጣች፣
ዓምዱን መታ መታ አርጋ ጆሮዋን አስጠጋች፣
ሐብሐብ እንደሚገዛ ሰው ቆማ አዳመጠች።

ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል ዓምዱ።
ከዚያ፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣
ዷ።
ደግማ መታች።
ዷ።
ቀና ብላ ጎቻን አየችው፤ ዝም አለች።
ዝም አይነቅዝም።
ነፋስ ላስቲኩን ያራግባል፤
የጎቻ ስልክ ጮኸ፣ አላነሳውም።

«እርጥበት ነው» አለ በመጨረሻ፤ «ሲደርቅ ይጠፋል።»
«ሲደርቅማ ይሰነጠቃል። ውስጡ ባዶ ነው፤
ቫይብሬተር አላየም ይህ፤ ቸኩላችሁ ደፋችሁት።»
«ይቅርታ... እርስዎ ማን ነዎት?»

«ሃያ ስድስት ዓመት ክሬን ላይ ውዬ፣
ያን ማዶ ያለውን ሰፈር የገጠምኩ ሰቅዬ፣
ግድግዳ በግድግዳ፣ ጣሪያ በጣሪያ ላይ፤
ሰማይ አትሽጥልኝ፣ ኖሬያለሁ ሰማይ ላይ።
ዓምዱ ይፈንቀል፣ ይሞላ እንደገና፤
የመታጠቢያው በር ዘጠና ሳንቲ፣ ዘጠና፣
የባሌ የጎደርዚ ዊልቸር ሰፊ ነውና፤
ሊፍቱ ሥራ ጀምሮ ሽቅብ ቁልቁል እስኪል፣
ከገንዘቡ ሩቡ በእኔ እጅ ይቆያል።
ሁሉም በውል ይጻፍ። በቃልህ ያልከውማ
ከሥዕሉ ፏፏቴ ጋር አብሮ ይፈሳል።»

«ዋጋውስ?» አለ ጎቻ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

አልመለሰችለትም። መስኮት ወደሚሆነው ቀዳዳ ሄደች።
ፊት ለፊት ክሬን ቆሟል፤ የኮንክሪት ባልዲ
አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤
ካቢኑ ውስጥ አንድ ልጅ ዳቦ ይገምጣል።
እናቴ ክንዷን ዘረጋች፣ ሌባ ጣቷን ወደ መሬት አርጋ
በትንሽ በትንሹ አሽከረከረችው፦
አውርድ።

ልጁ ማን እንደሆነች አላወቀም፤ እጁ ግን አወቀ።
ዳቦውን አስቀመጠ። ባልዲው ወረደ፣ ቀስ ብሎ፣
መሬት ሲነካ ድምፁ እንኳን አልተሰማም።

ጣቷን ሳታጥፍ ወደ ጎቻ ዞረች።
«አምስት ሃምሳ» አለ።
ጣቷ ይሽከረከራል።
«አምስት ሠላሳ፤ ኧረ በልጆቼ!»
ይሽከረከራል።
«አምስት ሃያ።»
መዳፏን ዘረጋች፦ ቁም።
ቀብዱን ቆጠረችለት፣ በላሪ፣ ሁለት ጊዜ።
የእኔ ካልኩሌተር አምስት ሰማንያ ላይ እንደቆመ ነው።

ስንመለስ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
መደገፊያ በሌለው ደረጃ ቁጭ አለች፤
ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ
ሪዮኒን አየችው ረዘም ላለ ጊዜ።
«ደከመሽ?» አልኳት።
«መውጣቱንማ ለምጄዋለሁ» አለች፤
«መውረዱ ነው።»