የተረኛው መዝገብ

ከድልድዩ በላይ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣
በሩ ግራጫ ነው፣ ያባቴ ቤት ነበር።
ጳጉሜ በመጣ ቁጥር፣ ቀለሙን በጥብጦ፣
ዝገት ሲፍቅ ይውላል፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ።
«ዝገት ነው ጠላቱ፣ የብረትም የሰው»
ይልና መልሶ ብሩሹን አራሰው።

ሃምሳ አለቃ ልሣነወርቅ ይፍሩ፣ የሞተር ክፍል ሰው፣
ግራ ጆሮውን ምፅዋ ያስቀረችበት፣
ሊያናግር የመጣ በቀኝ የሚዞርበት።
እኛ ልጆቹ ግን ግራውን መረጥን፤
ለእናት የማይነገር፣ ለንስሐ አባት የሚከብድ ሁሉ
ለዚያ ለደነቆረ ጆሮ አንሾካሾክን፣
ክዳን ያለው ጉድጓድ መስሎን።

ሰፈሩ ያሾፋል፦ «ይሄ ወንዝ ሲሞላ
መርከብህን አምጣና አሻግረን በኋላ!»
ይስቃል። ቱታውን ይለብሳል። ይወርዳል
ወደ አትክልት ተራ ጀርባ፤
በሙዝና በጎመን መሀል
ፓምፕ ይፈታል፣ ፓምፕ ይገጥማል።

ያ ዓመት፣ ወደቡም ወታደሩም ሲበተን፣
በጅቡቲ ዞሮ ለገሃር ሲወርድ፣
እናቴ እማዋይሽ ሦስት ቀን ባቡር ጠብቃለች፣
ምንትዋብን አዝላ፣ ቢተውን በእጇ ይዛ።
አላቀፋትም አሉ። አላለቀሰም አሉ።
«በልተዋል?» አላት ብቻ፣ «ልጆቹ በልተዋል?»
ከሻንጣው የወጣው አንድ ነጭ የክብር ልብስ
ኋላ እኔ ስወለድ ለክርስትናዬ ተቀደደ፣ ተሰፋ።
ቁልፎቹ ደግሞ ሹራቤ ላይ ተተክለው፣
አምስት መልሕቅ ሆነው አራተኛ ክፍል ገቡ።
«ይሄ ምንድነው?» አለኝ አስተማሪዬ።
«አባታችን ተመልሶ እንዳይሄድ ነው» አልኩት።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ቤቱ ሁሉ ሲተኛ፣
እሱ ነው ተረኛ።
ደኅናውን ጆሮ ቧንቧው ላይ ለጥፎ ያደምጣል፤
መጀመሪያ አየሩ፣ ኋላ ውኃው ይመጣል።
አሥራ አንድ ጀሪካን፤ የኛ ድርሻ ስምንት፣
ሦስቱ የእትዬ ፋናዬ፣ ጧሪ ለሌላት።
ከዚያ ደብተሩን ይከፍታል፣
እርሳሱን በምላሱ ይነካል።

ቀጨኔ መድኃኔዓለም ስናሳርፈው
ከድሮዎቹ አራት መጡ፣ ከረባት ያሰሩ።
አንደኛው ከኪሱ ፊሽካ አውጥቶ ነፋ፤
ትንፋሹ ግማሽ መንገድ ላይ አለቀበት፣
ሌላው ተቀብሎ ጨረሰው።
ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ይዘው ቆሙ።

በሣልስቱ ማታ ደብተሮቹን ከቁም ሣጥን አወረድን።

*ሰኔ 14። ንፋስ፦ ከእንጦጦ በኩል። ውኃ፦ 9፡20፣ አሥራ አንድ ጀሪካን። ልጆች፦ ሦስቱም ገብተዋል።*

*ኅዳር 3። ውኃ የለም። ቢተው ማጨስ ጀምሯል፤ በግራ ጆሮዬ ነገረኝ። ዝም አልኩ። ነገ ፓምፕ ቤት ይዤው እወርዳለሁ፣ እጁ ሥራ ይያዝ።*

*ነሐሴ 30። ዝናብ። ምንትዋብ እስካሁን አልገባችም። በሩን ሳልዘጋ አደርኩ። 11፡05 ገባች። ሦስቱም ገብተዋል።*

*የካቲት 9። ጥቁር አንበሳ፣ የእማዋይሽ አልጋ በመስኮቱ በኩል። «ከተማው ሲመሽ ባሕር ይመስላል» አልኳት። «ዋሸህ» አለች። ሳቀች። ንፋስ የለም።*

ቢተው ሁለተኛውን ሳያነብ ደብተሩን ከደነ።
አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። ወጥቶ በረንዳው ላይ ቆመ፣
ሲጋራ ለኮሰ፣
ረገጠው።

ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ላይ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ነቃሁ።
ቧንቧው ቀዝቃዛ ነው። ጆሮዬን ብለጥፍበት
የሰማሁት የራሴን ደም ነው።
እርሳሱን በምላሴ ነካሁ፦

*ንፋስ፦ አላውቅም።*
*ውኃ፦ እስካሁን የለም።*
*ልጆች፦ ሁለት። ቢተው «መንገድ ላይ ነኝ» ብሏል።*
*በሩን አልዘጋሁም።*